ወንድሜን ለቲቪ ያበቃችው የፈረንጅ አራዳዋ ፎቶ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጅማ ልጆች። ይሄን ሪቪው ልጽፈው ካሰብኩ ከርሚያለሁ፣ ሥራ ሲበዛ ሲረሳ፣ ሲበዛ ሲረሳ እዚህ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ልጅ ልብስ ልታሰፋ ሱቄ መጥታ ወገቧን እየለካኋት "ያ ድራማ ላይ የሚሰራው ልጅ ወንድምሽ ነው አይደል? እኔም መሞከር እፈልጋለሁ ግን አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም" ስትለኝ በቃ ዛሬ ማታ ሳልጽፈው አልተኛም አልኩ። ምክንያቱም ወንድሜም አዲስ አበባ ዘመድ አልነበረውም። የነበረው እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለች አንዲት ፎቶ ቤት ናት፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ጋሼ።

ስሙን እንዳልጽፍ ራሱ ነው የለመነኝ፣ ሰልፍ ይበዛብኛል አለ፣ ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚጠራው። ቤቷ ፎቅ ላይ ናት፣ ከታች የጽህፈት መሳሪያ መሸጫ አለ፣ በጎን ባለው የብረት ደረጃ ነው የሚወጣው። ከውጭ ስታዩዋት እንደማንኛውም ፎቶ ቤት ናት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ የሰርግ አልበም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ፣ ምርቃት ሲደርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋውን ለብሰው ደረጃው ላይ የሚሰለፉባት። ውስጥ ስትገቡ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ክፍል አለ፣ አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ግድግዳው ግራጫ የተቀባ፣ መሃሉ ላይ አንድ የጅማ በርጩማ፣ ሁለት ሶፍት ቦክስ የሚባል ብርሃን የሚያለሰልስ መብራት፣ ትራይፖድ ላይ አንድ ካሜራ። የኦዲሽን ቪዲዮ፣ ማለቴ ተዋናይ ሲመረጥ የሚላከው የሙከራ ቪዲዮ፣ የሚቀረጸው እዛ ነው።

ጋሼ በልጅነቱ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበር፣ ከዛ በቪኤችኤስ ዘመን ሰርግ ሲቀርጽ ኖሯል፣ እና ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ ያውቃል። ሙሽራ ሲያፍር፣ እናት ለቅሶዋን ስትውጥ፣ ሚዜ ሳይስቅ የሳቀ ሲመስል፣ ይሄን ሁሉ ስንት ዓመት በአንድ አይኑ ሲያይ ነው የኖረው። የትወና ትምህርት ቤት አልሄደም፣ ሰርተፍኬት ግድግዳው ላይ የለም። ግን ወንድሜ ዛሬ ያለበት ቦታ የደረሰው በሱ ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

ስለ ወንድሜ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ቤቷ ምን እንዳደረገችለት አይገባችሁም። አሁን 21 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት እያለ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ነበር፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የሚያነበው እሱ ነው፣ የወላጆች ቀን ሲሆን ድራማ የሚሰራውም እሱ ነው። የውጭ ድራማ በአማርኛ ተርጉሞ የሚያሳየው ቃና ቲቪ በ2008 ሲጀምር 12 ዓመቱ ነበር፣ እና እንደ ብዙዎቻችን ቤት እኛም ቤት ማታ ማታ ራት የሚበላው በቱርክ ድራማ ሰዓት ሆነ። እናታችን ቡናዋን ከድራማው ጋር እንድትገጥም አድርጋ ነበር የምታፈላው፣ ሁለተኛው ሲወርድ ማስታወቂያ ይገባል። ወንድሜ "ጥቁር ፍቅር" ላይ ከማልን ሆኖ የሚሰራውን ቡራክ ኦዝቺቪትን ካየ በኋላ ሌላ ነገር አይታየውም ነበር፣ ጸጉሩን እንደሱ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ማየቱን እንደሱ። ያ ድራማ እኮ በ2017 እ.ኤ.አ. ኢንተርናሽናል ኤሚ የወሰደ ነው፣ ከቱርክ የመጀመሪያው። ቡራክ ደግሞ ዝም ብሎ መልኩ አምሮ የመጣ ሰው አይደለም፣ ማርማራ ዩኒቨርሲቲ ፎቶግራፍ ነው የተማረው፣ ከዛ ሞዴል ሆነ፣ ከዛ ነው ድራማ ውስጥ የገባው። ይሄን ጋሼ ሲሰማ እንዴት ደስ እንዳለው ብታዩ፣ "አየህ፣ ከካሜራው ጀርባ ያለውን ያወቀ ሰው ነው" እያለ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ይነግር ነበር።

መጀመሪያ ወደዛ ቤት የሄድነው በ2014 ወንድሜ 12ኛ ክፍል እያለ ነው። ቴሌግራም ላይ የኦዲሽን ማስታወቂያ ወጣ፣ ከክልል ያላችሁ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩ ይላል፣ ሁለት ገጽ ስክሪፕት አብሮ ተለጥፏል። ወንድሜ በስልኩ ቤት ውስጥ ሞከረ፣ ከኋላው የእናታችን ቁም ሳጥን ይታያል፣ ዶሮ ይጮሃል፣ አልሆነም። ፎቶ ቤት እንሂድ አልኩት፣ ጉርድ ፎቶ የተነሳንበት ቤት ትዝ አለኝ፣ ሄድን።

ሲኑ፣ ማለትም ትዕይንቱ፣ አንድ ልጅ ለአባቱ ፈተና መውደቁን የሚነግርበት ነው። ካሜራው ተከፈተ፣ ወንድሜ ትንፋሹን ስቦ "አባት... እባክህን... አትቆጣኝ" አለ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ የመጨረሻዋን ፊደል እየጎተተ፣ መሃል መሃል ላይ ትንፋሽ እየጨመረ። እኔ በውስጤ ጎበዝ አልኩ፣ ልክ ቲቪ ላይ እንደምሰማው ነበር። ጋሼ ካሜራውን አጠፋው። በርጩማው ላይ ተቀመጥ አለው፣ ራሱ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ።

"አባትህን ቤት ውስጥ ምን ብለህ ነው የምትጠራው?"

"አባዬ።"

"ፈተና ወድቀህ ታውቃለህ?"

"ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ።"

"ምን ብለህ ነገርከው?"

ወንድሜ ቆየ። ከዛ ቀስ ብሎ "ምንም አላልኩትም። ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጫማውን መወልወል ጀመርኩ" አለ። እኔ ያን ቀን ቤት ነበርኩ፣ አባታችን ካርዱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዛ ምንም ሳይናገር ሌላኛውን ጫማ በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበለት። ሌላ ምንም አልተባለም።

ጋሼ ተነስቶ "ሲሪዳ፣ አሁን ሲኑን በለው፣ ጫማ እየወለወልክ ነው" አለ፣ ሲሪዳ በኦሮምኛ ልክ ነው ማለት ነው። ወንድሜ ጫማ የለውም ጨርቅ የለውም፣ እጁ ብቻ ጉልበቱ ላይ ይሄዳል ይመለሳል፣ አይኑን አላነሳም፣ እና ያችኑ "አባት፣ እባክህን አትቆጣኝ" አላት። አንድ ቃል አልቀየረም። ግን "አባት" ሲል አባዬ ማለቱ እንደሆነ ትሰማለህ፣ እንዴት እንደሆነ እኔ ማስረዳት አልችልም፣ ጸጉሬ ነው የቆመው። ጋሼ ካሜራውን ሳያጠፋ ብዙ ቆየ። ከዛ ጨረሰና አንድ ነገር አለ፣ እስከዛሬ ወንድሜ ስልኩ ላይ ጽፎ ያስቀመጠው፣ "የራስህ አፍ እያለህ በሰው አፍ ለምን ትናገራለህ" ነው ያለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል ምክንያቱም ትወና መጀመር የምትፈልጉ ልጆች ሁላችሁም ያለባችሁ ነገር ስለሚመስለኝ። እኛ ቲቪ ላይ አማርኛ ድራማ ከምንሰማው በላይ የተተረጎመ ሰምተን ያደግን ነን። እና የዳቢንግ ባለሙያዎቹን ማማት አይደለም፣ ሥራው እጅግ ከባድ ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ የተናገረውን አፉ ላይ ልክ አድርጎ ማስገባት ማለት ነው። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ቃሉ አልቆ የሰውየው ከንፈር ገና ሲንቀሳቀስ የመጨረሻዋ ፊደል ትጎተታለች፣ አፉ ክፍት ከሆነ ትንፋሽ ይገባል፣ ከንፈሩ ቶሎ ከገጠመ ደግሞ አረፍተ ነገሩ ይሮጣል። እዛ ቦታ ያ ትክክል ነው፣ ያስፈልጋል። ችግሩ እኛ ልጆች ሆነን ስንሰማው ትወና ማለት እንደዛ መናገር ነው ብለን መያዛችን ነው። ካሜራ ፊት የቆመ ልጅ ግን የሚገጥምለት የሌላ ሰው ከንፈር የለም። ይሄን ያስረዳን ጋሼ ነው፣ በአንድ ከሰዓት። አሁን እኔ ማንኛውንም አዲስ ልጅ ስሰማ ገና ሁለት አረፍተ ነገር ሳይናገር ይታወቀኛል።

ስለ ቀረጻው ጥራት ደግሞ እንነጋገር። ግድግዳው ግራጫ የሆነው በምክንያት ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ስትቆሙ ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ያስብና ራሱን ያጨልማል፣ የኛ ፊት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፣ አይን ብቻ ይቀራል። ነጭ ቲሸርትም እንደዛው። ወንድሜ መጀመሪያ የሄደው በነጭ ሸሚዝ ነበር፣ ጋሼ ራሱ የሰቀለውን ሰማያዊ ሹራብ አውጥቶ ነው ያለበሰው። ከዛ በኋላ እኔ ነኝ የምሰፋለት፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለቀጭን መስመር ጨርቅ ግን በፍጹም፣ ቪዲዮ ላይ መስመሩ ይርገበገባል፣ ይሄንን ልብስ ሰፊ ሆኜም አላውቅም ነበር።

ሪንግ ላይት የሚባለውን ክብ መብራት አይጠቀምም። ሜካፕ ለሚሰሩ ልጆች አለው፣ ለትወና ግን አያበራውም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አሳየኝ፣ ወንድሜን አቁሞ ሪንግ ላይቱን አበራና ካሜራውን አይኑ ድረስ አስጠጋው፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ቀለበት ተቀምጣለች፣ ፊቱም ጥላ የሚባል ነገር ስለሌለው እንደ ሳህን ሆኗል። ከዛ አጥፍቶ ሶፍት ቦክሱን በጎን አደረገው፣ በአንድ በኩል ጉንጩ ላይ ጥላ ወረደ፣ አይኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብርሃን፣ እና ወንድሜ ምንም ሳያደርግ የሆነ ነገር የሚያስብ ሰው መሰለ። "ክሎዝ አፕ ላይ አይን ነው የሚሰራው፣ አይኑን ከሸፈንኩበት ምን ቀረው" አለኝ።

ሌላው ሪደር ነው። ኦዲሽን ቪዲዮ ላይ የሌላኛውን ሰው ንግግር ከካሜራ ጀርባ ሆኖ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፣ ለወንድሜ እኔ ነኝ ሳነብለት የኖርኩት። ጋሼ እኔንም አስተምሮኛል። መጀመሪያ እኔም እተውን ነበር፣ አባትየው ሲቆጣ እጮሃለሁ። ቆም አደረገኝና "የኔ ልጅ፣ ማይኩ ላንቺ ቅርብ ነው፣ አንቺ ከጮህሽ እሱን ማን ይሰማዋል፣ ቀስ ብለሽ ስጪው፣ ግን እውነት አድርገሽ ስጪው" አለኝ። የምቀመጥበትን ቦታ ደግሞ ከሌንሱ አጠገብ አደረገው፣ ራቅ ካልኩ ልጁ ጥግ ጥጉን ያያል፣ ሌንሱን ራሱን ካየ ደግሞ ዜና አንባቢ ይመስላል። እኔ ጆሮዬ ሌንሱን ሊነካ ነው የሚደርሰው። ከጎረቤት የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሲሰማ ራሱ ወርዶ ለምኖ ያስቀንሳል፣ አዛን ሲሆን ቆም እንላለን፣ ሲያልቅ እንቀጥላለን።

ያ የመጀመሪያው ቪዲዮ አላለፈም፣ ሁለተኛውም። ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ቤቷ ተአምር አትሰራም። ሁለተኛው ሲቀር ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ ሦስት ወር ካሜራ የሚባል ነገር እንዳታነሱብኝ አለ፣ አባታችንም ተው በቃ ትምህርትህን ተማር አለው። ጋሼ ነው በመንገድ አግኝቶት "አሁን የሚያዩህ ሰዎች ስንት ልጅ እንደሚያዩ ታውቃለህ? ፊትህ ለገጸ ባህሪው አልሆነም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ለአባትዬው ረዘምክ ማለት ሊሆን ይችላል" ብሎ የመለሰው። ሦስተኛው ተላከ፣ ደወሉ። ጋራዥ ውስጥ የሚሰራ ልጅ ነው፣ አራት ሲን ብቻ። ልጁ በሌሊት መኪና ተሳፍሮ ያን 350 ኪሎሜትር አካባቢ መንገድ በወልቂጤ በወሊሶ አድርጎ ሄደ። አራቱ ሲን ስድስት ሆነ፣ ከዛ ሌላ ድራማ ላይ የቤቱ ታናሽ ልጅ ሆኖ ቋሚ ገጸ ባህሪ ሰጡት፣ አሁን እሱን ነው የምታዩት።

በመሃል አንድ ነገር ደርሶበታል፣ ሌሎች እንዳይደርስባቸው ነው የምጽፈው። ገና ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ እያለን አንድ ሰው ደውሎ ኤጀንት ነኝ፣ ቪዲዮህን አይቼዋለሁ፣ መሪ ተዋናይ አድርጌሃለሁ፣ መመዝገቢያ 5,000 ብር ላክ አለው። ወንድሜ ለኛ ሳይነግር ከጓደኞቹ ተበድሮ ላከ። ስልኩ ከዛ በኋላ አልሰራም። ሲያለቅስ ነው ያገኘሁት፣ ብሩን ሳይሆን አምኖ ለጓደኞቹ ሁሉ ማውራቱ ነው ያሳፈረው። ጋሼ ሲሰማ ተናደደ፣ አሁን በሩ ላይ በትልቁ ጽፎ ለጥፏል፣ ለኦዲሽን ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ለኔ ንገሩኝ ይላል። ልጆች እባካችሁ፣ ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላችኋል እንጂ አያስከፍላችሁም።

ሰው ደግሞ ቲቪ ላይ ሲያየው ሀብታም ይመስለዋል። ወንድሜ አዲስ አበባ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ የሚከፈለው በክፍል ነው፣ እሱ የሌለበት ክፍል ከሆነ የለም፣ ድራማው እረፍት ሲወጣ ደግሞ ምንም የለም። ጅማ ሲመጣ መርካቶ ላይ በገጸ ባህሪው ስም ይጠሩታል፣ ባጃጅ ሹፌሮች አናስከፍልህም ይሉታል፣ እሱ ግን ሁሌም ይከፍላል። እናታችንን ብድር የጠየቋት ዘመዶችም አሉ። ይሄ የሥራው ሌላ ፊት ነው፣ ጋሼ ይሄንንም ሳይደብቅ ነው ለሚመጡት ልጆች የሚነግራቸው፣ ለዛም ነው የማምነው።

ቀረጻ ላይ ያለው ነገር ደግሞ እኛ እንደምናየው አይደለም። ቤቱ በቀን ነው የሚከራየው፣ ስለዚህ በዛ ቤት ውስጥ ያሉ ሲኖች በሙሉ፣ የክፍል ሦስትም የክፍል ዘጠኝም፣ አንድ ላይ ይቀረጻሉ። ወንድሜ ጠዋት አባቱ ሞቶ አልቅሶ ከሰዓት ከዛው አባት ጋር ምሳ በልቷል። መጀመሪያ ሰሞን ይቀላቀልበት ነበር። ከሁሉ ያስቸገረው ግን ሲኒ ነው። አንድ ሲን ላይ ቡና እየጠጣ ነው የሚያወራው፣ ከሩቅ ሲቀረጽ "አልሄድም" ሲል ሲኒውን በቀኝ እጁ አነሳ፣ ክሎዝ አፕ ሲመጣ "ለምን" ሲል በግራ አነሳ። ሲቆራረጥ አይገጥምም፣ ሲኒው ከእጅ ወደ እጅ ዘሎ ይታያል። እንደገና ተቀረጸ፣ ሃያ ሰው እሱን ጠበቀ፣ አንጋፋዋ ተዋናይት ደግሞ ያንን የሚያስለቅስ ሲኗን ደግማ ማልቀስ ነበረባት። ማታ ደውሎልኝ ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ጅማ ሲመጣ በቀጥታ ጋሼ ጋ ሄድን። ጋሼ ከታች ካለው ሻይ ቤት እውነተኛ ቡና በሲኒ አስመጣ፣ እና አንድ ሙሉ ከሰዓት ያንን ሲን አስደገመው። በየትኛው ቃል ላይ ነው እጅህ የሚነሳው፣ በየትኛው ላይ ከንፈርህን ይነካል፣ በየትኛው ላይ ትመልሰዋለህ። ስክሪፕቱ ላይ በእርሳስ ከቃሉ በላይ ትንሽ የሲኒ ስዕል ይስላል። አስር ጊዜ ከሩቅ፣ አስር ጊዜ ከቅርብ፣ ከዛ ሁለቱን ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየው፣ አስራ አንደኛው ላይ እጁ ልክ እንደ ሰዓት ገጠመ። ወንድሜ አሁን ስክሪፕቱ ሁሉ በሲኒ፣ በቁልፍ፣ በስልክ ስዕል የተሞላ ነው፣ ቀረጻው ላይ እንቅስቃሴው መግጠሙን የሚከታተሉት ሰዎች እሱን መቆጣጠር አቁመናል ይላሉ። ለዚያ ከሰዓት ጋሼ የቡናውን ብቻ ነው የተቀበለን።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር፣ ሪቪው ስለሆነ። አንደኛ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት መጣል ከጀመረ ማይኩ የሚሰማው ቆርቆሮውን ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ቀረጻ አቋርጠን ተመልሰናል፣ አንዱ የመላኪያው የመጨረሻ ቀን ነበር እና እስከ ማታ 3 ሰዓት ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀናል። ስለዚህ ጠዋት ያዙ፣ በተለይ ክረምት ላይ። ሁለተኛ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለው ግን ጄኔሬተሩ ራሱ ይጮሃል፣ ስለዚህ ለፎቶ እንጂ ለቪዲዮ አይሆንም። ሦስተኛ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን ጋሼን ማግኘት ከባድ ነው፣ ቅዳሜ እሁድ እሱ ሰርግ ላይ ነው፣ ረዳቱ ይቀርጻል፣ ረዳቱ ጎበዝ ልጅ ነው መብራቱን አሳምሮ ያስተካክላል ግን ያንን "ቤት ውስጥ ምን ብለህ ነው የምትጠራው" የሚለውን አይጠይቃችሁም። እኔ ጋሼ ራሱ ባለበት ቀን ብቻ ነው ሂዱ የምለው። አራተኛ ኤዲት አድርጎ ለመስጠት ይዘገያል፣ ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ነው፣ የመጨረሻ ቀን ካላችሁ አንድ ቀን ቀንሳችሁ ንገሩት።

ዋጋው እኛ ስንጀምር ለአንድ ቀረጻ 300 ብር ነበር፣ አሁን 800 ሆኗል፣ አምስት ፎቶ ሲጨመር 1,200። ሁሉ ነገር በጨመረበት ጊዜ በዛ አልልም፣ በዛ ላይ ሰዓት አይቆጥርም፣ እስኪሆን ድረስ ነው የሚቀርጸው። ተማሪ ከሆናችሁ መታወቂያ አሳዩት፣ ይቀንሳል። ቴሌብር ይቀበላል።

ስትሄዱ ስክሪፕቱን በቃላችሁ ያዙ ግን ድምጹን አትያዙ፣ ማለቴ ቤት ውስጥ ዜማውን አታጥኑት፣ እዛ ሄዳችሁ ነው የሚገኘው። ሁለት ልብስ ያዙ፣ ነጭ እና ባለመስመር አይሁን። ስም እድሜ ቁመት የምትናገሩበት፣ ፊት ለፊት እና በጎን የምትታዩበት መግቢያ አለ፣ እሱን ሳቅ ብላችሁ እንደ ራሳችሁ ተናገሩት፣ ብዙ ልጆች እዛው ላይ እንደ ወታደር ይደርቃሉ። ቪዲዮውን በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፣ እንደ ቪዲዮ ከሄደ ቴሌግራሙ ይጨምቀዋል፣ ያ ሁሉ የአይን ብርሃን ይጠፋል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሰቃዩ፣ ጋሼ ዋይፋዩን ይሰጣችኋል፣ እዛው ቁጭ ብላችሁ እስኪሄድ ጠብቁ።

ጋሼ ወንድሜን ዛሬም አልለቀቀውም። ክፍሉ በተላለፈ ማግስት ይደውልለታል፣ ጎበዝ ለማለት ብዙም አይቸኩልም። ባለፈው ከእጮኛው ጋር የተጣላበት ክፍል ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ፣ እናቴ ምግብ አልበላችም፣ ጋሼ ግን ጠዋት ደውሎ "መጨረሻዋን ፊደል ጎተትካት፣ ተመለስክ እንዴ ወደ ቱርኩ" አለው። ወንድሜ ደግሞ ደጋግሞ አይቶ አዎ ጎትቻለሁ አለኝ፣ እኔ እስካሁን አልሰማሁትም።

ልጅቷ፣ ያቺ ልብስ ልታሰፋ የመጣችው፣ ሸሚዟን ሰማያዊ አድርጌላታለሁ፣ ሰኞ ትወስዳለች። ከጋሼ ጋር ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተራ ይዤላታለሁ፣ ዝናቡ ሳይመጣ። ሪደር የለኝም ስላለችኝ እኔ ነኝ የማነብላት።